በቁሟ የተለቀሰላት

ወይዘሮ ዘመነች መሞቷን የሰማችው ሽንት ቤት ተቀምጣ ነው። ገና ጎሕ መቅደዱ ነበር። የቆርቆሮውን በር ከውስጥ በሽቦ ጠርቅማ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ የኮልፌን ብርድ እየረገመች ሳለ የእድሩ ጥሩምባ ከአጠና ተራ በኩል ተነፋ። ማን ሞተ ይሆን ብላ ጆሮዋን አቆመች። ሰው ሲሞት ቀድማ መስማት ትወዳለች፤ ከሰማች ደግሞ ቀድማ መድረስ ትወዳለች፤ በሰፈሩ ልቅሶ ከእሷ ቀድማ የምትደርስ ሴት ብትኖር ጎረቤቷ ሰርኬ ብቻ ናት። ጥሩምባ ነፊው ይመር ጉሮሮውን ጠረገና በዚያ በሚሰነጠቅ ድምፁ፣ የእድራችን አባል የአቶ ባጫ ባለቤት ወይዘሮ ዘመነች ስላረፉ፣ ቀብራቸውም ዛሬ በስምንት ሰዓት በቀራንዮ መድኃኔዓለም ስለሆነ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ፣ የቀረ በእድሩ ደንብ ይቀጣል፣ ብሎ አወጀ። ዘመነች መጀመሪያ ያዘነችው ለሟቿ ነው። "ውይ፣ በሞትኩት!" አለች ደረቷን ይዛ። ኮልፌ ውስጥ ባጫ የሚባል እድርተኛ፣ ባለቤቱም ዘመነች የምትባል፣ ከራሷ በቀር ሌላ እንደሌለ ትዝ ያላት ትንሽ ቆይቶ ነው።

ሳቋ መጣ። የጋቢዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ከራቃት ወራት ሆኖታል። ግራ ጡቷ ላይ ሽንብራ የምታህል እብጠት አግኝታ፣ ሽንብራዋ ሎሚ እስክታህል ለማንም ሳትናገር ከርማ፣ በመጨረሻ ባሏ እጇን ይዞ ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ካደረሳት ወዲህ በዚያ ቤት የሳቀ ሰው የለም። ሐኪሙ በሽታውን በቋንቋው ጠራው፤ አስተርጓሚዋ ነርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነቀርሳ ነው አለች። ጡቱ ተቆርጦ ከወጣ ተስፋ አለ፣ ገና ወደ ብብት አልተሻገረም፣ ከዘገየ ግን ምንም ማለት አይቻልም ተባለ። አልጋም ተያዘላት። አልጋው የሚጠብቃት ዛሬ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ካልመጣች ለሌላ በሽተኛ ይሰጥና እሷ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ወረፋ ትጠይቃለች። ዘመነች ደግሞ አልሄድም ብላለች። ሙሉ ሆኜ መጥቻለሁ፣ ሙሉ ሆኜ እሄዳለሁ፤ አለቀ። እሷ አንድ ጊዜ አለቀ ካለች ማለቁን የኮልፌ ገበያ በሙሉ ያውቃል፤ ከበርበሬዋ ዋጋ ላይ አምስት ሳንቲም ያስቀነሳት ገዢ ገና አልተወለደም።

ባጫ በዚህ ነገር ቃል አልተናገረም። አጠና ሻጭ ነው፤ ከቡራዩ በኩል ባሕር ዛፍ አስጭኖ እያመጣ አጠና ተራ ቆሞ ይሸጣል፤ ከደንበኛ ጋር እንኳ ብዙ አያወራም፤ ዋጋ ተናግሮ ወደ ሰማይ ያያል። ሂጂም አትሂጂም ሳይላት በየማለዳው ወፍ ሳይንጫጫ ተነስቶ መድኃኔዓለምን ይሳለምና በጠርሙስ ጠበል ይዞ ይመለሳል። እሷ ዝምታውን እንደመሰላት ተረጎመችው። የተቆረጠች ሚስት አይፈልግም፤ ነውር ሆኖበት ነው እንጂ አልሄድም ማለቴ ደስ ብሎታል፣ ብላ አመነች፤ ይህን ማመኗም ከእብጠቱ ይበልጥ አመማት። ልጃቸው ገነት ግን ዝም የምትል አይደለችም። ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ትማራለች፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ጴንጤ ሆናለች። እናቷ በመጀመሪያው ሰሞን ልጄ አብዳለች ብላ ልታስጠምቃት ነበር፤ ኋላ ግን እብድ ሰው ሳይነገረው ሳሕን አያጥብም ብላ ተወቻት። በዚያን ጊዜ ጴንጤዎቹ መሰብሰብ ተከልክለዋል፤ ከጸሎት ላይ ታፍሰው ጣቢያ ያደሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ገነት የጸሎት ጓደኞቿን ዛሬ ሳይነጋ በጓሮ አጥር አሾልካ አስገባቻቸውና እናቷን ከበው ጸለዩላት። ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ ተባብለው ነበር የጀመሩት፤ ግን ልብ ሲሞላ ድምፅ የት ዝቅ ይላል። አለቀሱ፣ ጮኹ፣ ተንሰቀሰቁ፤ ከዚያም እንባቸውን እየጠረጉ አንድ በአንድ በመጡበት አጥር ወጡ። ዘመነች የሚሉት ሁሉ ባይገባትም፣ የማታውቃቸው የሰው ልጆች ስሟን እየጠሩ እንደዚያ ሲያነቡ ሆዷ ተላውሶ ነበር። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሽንት ቤት የሮጠችውም ለዚህ ነው።

በጓሮ በር ወደ ጓዳ ስትመለስ ገነት ደርቃ ቆማ አገኘቻት።

"እማዬ፣ ሞታለች እያሉ ነው።"

"ሰምቻለሁ። ቀብሬ ስምንት ሰዓት ነው" አለች ዘመነች።

ገነት አልሳቀችም። የፈራችውን በችኮላ ዘረገፈችው። ወጥታ እናቴ አልሞተችም ብትል፣ ታዲያ ያ ሁሉ ልቅሶ የምን ነበር ይሏታል። ጸሎት ነበር ካለች ደግሞ ጉድ ፈላ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ አምሐ ከፖሊስ ሠራዊት በሃምሳ አለቅነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡት ግን ከሥራው እንጂ ከመጠየቁ አይደለም። ማን ነበር፣ የማን ልጅ ነው፣ የት ይሰበሰባሉ ማለት ከጀመሩ የጓደኞቿ ስም ከምሳ በፊት ጣቢያ ይደርሳል። ዘመነች፣ ቆይ እስቲ ላስብበት አለች። ማሰቡ እውነት ነው፤ ግን ሌላም ነገር አምሯታል፤ ማን ምን ብሎ እንደሚያለቅስላት መስማት። ስንቱን ቀባሪ ስታስለቅስ የኖረች ሴት የራሷን ልቅሶ መስማት ቢያምራት አይፈረድባትም። ልጅቷን በመጋረጃው በኩል ገፍታ ወደ ሳሎን አስወጣቻትና ራሷ የበርበሬው ኩንታል ላይ ተቀመጠች።

ሳሎኑንና ጓዳውን የሚለያቸው በአሮጌ ጋዜጣ የተለበጠ ሳንቃ ነው። አንዱ ጋዜጣ ላይ ኮት የለበሱ ሹም የድልድይ ሪባን ይቆርጣሉ፤ በሹሙ ክርን አጠገብ አንድ ቀዳዳ አለች፤ ዘመነች ዓይኗን እዚያ ላይ ለጠፈች። የሰርኬ ጩኸት ከሰርኬ ቀድሞ ገባ። ተከትላ እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወይኔ እህቴን፣ ወይኔ ጎረቤቴን እያለች መጣች፤ ከኋላዋ የገበያው ሴቶች ጎረፉ። ገነት ፊታቸው ቆማ አንዲት ቃል ብትፈልግ አጣች፤ ስታጣ ፈራች፣ ስትፈራ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ይህን ጊዜ ጥርጣሬ የነበረው ሰው ካለ እሱም አመነ። ሴቶቹ አቅፈዋት አለቀሱ። ወደ ጓዳው ልግባ ያለች አንዲት ነበረች፤ ገነት እጇን ዘርግታ መጋረጃው ላይ ስትቆም፣ ገናዦቹ ሳይመጡ አይገባም፣ ተዪያት አሏት። ውጭ ደግሞ ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን መትከል ጀመሩ፤ ምሰሶ ጎድሎ ኖሮ ከባጫ አጠና ላይ ቀጥ ያሉትን እየመረጡ አመጡ። ቅር ያለው የለም፤ ለሚስቱ ነው።

የመጀመሪያው እንባ ከቀለለ በኋላ ወሬው መጣ። ሰርኬ የሰማችውንና ያየችውን አንድም ሳታስቀር ተረከች። ጎሕ ሳይቀድ በፊት የብዙ ሰው ልቅሶ ቀሰቀሳት። እየሮጠች ስትወጣ ባጫ አንገቱን ደፍቶ በጨለማ ሲሄድ አገኘችው። ምነው፣ በደህና ነው ወይ ብትለው፣ እንግዲህ እንደ እግዜር ፈቃድ ነው ብሏት አለፈ። ከዚህ በላይ መርዶ የት ይገኛል? ቀጥታ አቶ አምሐ ቤት ሄዳ በሩን ደበደበች። ዘመነች በቀዳዳው እያየች ለባሏ አዘነች፤ ያ ሰው ደህና ነው ወይ ሲሉት ደህና ነው ማለት መቼ ይለምድ ይሆን። ከሴቶቹ አንዷ፣ ለመሆኑ ምኗን ነበር ያመማት ብላ ጠየቀች። ዘመነች ለገበያው ሁሉ ብርድ መትቶኝ ነው እያለች ስለከረመች፣ በኩንታሉ ላይ ተደላድላ ብርድ የሚለውን መልስ ጠበቀች።

"ነቀርሳ ነዋ። ምን ብርድ አለ" አለች ሰርኬ።

ዘመነች ከኩንታሉ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። እሷ ያንን ቃል በገዛ ቤቷ እንኳ ጠርታው አታውቅም። በእሷ ሐሳብ ኮልፌ ይህን የሰማ ቀን ማንም ከእጇ በርበሬ አይገዛም፤ ይተላለፋል ይላሉ፣ እርግማን ነው ይላሉ፣ ልጆቻቸውን ከደጃፏ ያሸሻሉ። ሳሎኑ ውስጥ ግን የደነገጠ አንድ ሰው አልነበረም። አንዷ እኔ ከመስከረም ጀምሮ አውቃለሁ አለች። ሌላዋ እኔ ከነሐሴ አለች። ነርሷ የማን እህት እንደሆነች፣ የማን እህት ለማን እንደነገረች ተቆጠረ። ጎረቤታሞች አንድ ቅል ቅቤ እንደሚካፈሉ ሁሉ ሰፈሩ ምስጢሯን ተካፍሎ፣ እሷ እንዳታፍር ብሎ ብርድ ነው ስትል ብርድ ነው እያለላት ከርሟል። አንዲት ባለ ጠጅ ቤት አፍንጫዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ እኔ እኮ ቤቴ በርበሬ ሞልቶ ከእሷ እየገዛሁ ነው የከረምኩት፣ ደንበኛ ራቀኝ ብላ እንዳታዝን፤ ሦስት ጣሳ ሙሉ ቆጥ ላይ ተቀምጧል፣ ልጆቼ በርበሬ በርበሬ ሸተቱ አለች። ያን ጊዜ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ ተነሱ። ሰርኬ ለእመቤታችን ጥላ ተስላ ነበር። ባለ ሱቁ ሸምሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ እኔም በየጁምዓው ዱዓ አስደርግላት ነበር፣ ስሟን አልጠራሁም፣ አንዲት ጎረቤት ብዬ ነው አለ። ዘመነች በጨለማው ውስጥ አፏን ይዛ ተቀመጠች። በምን አቅጣጫ ዞራ ማንን ማመስገን እንዳለባት ግራ ገባት፤ በአንድ በሽታ ላይ ይህ ሁሉ ሃይማኖት ሲዘምት እሷ ብቻ ተኝታ ነበር።

ደስታዋ ግን ሳይበጠበጥ አልቀረም። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና የመስፈሪያ ጣሳዋ ብቻ ቂጡ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነበር አለች። ዘመነች ብድግ አለች። በስሙኒ እየሰፈረች የምትሸጥበት ጣሳ ወድቆ ነው የተጨረመተው፤ ሆን ተብሎ አይደለም፤ ቢሆንም እንኳ ይህ በቀብሯ ቀን ይነሳል? መጋረጃውን ልትገልጥ እጇን ስትዘረጋ ከውጭ አዲስ ጩኸት መጣና አስቆማት።

የመጣችው ጉዲቱ ናት፤ የባጫ ታላቅ እህት። ቤቷ አስኮ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ ይዛ ወደ ኮልፌ ገበያ ትወርዳለች። ገበያው ደግሞ ከዚህ ቤት የድንጋይ ውርወራ ቢሆንም በዚህ ደጃፍ ካለፈች ዘመናት አልፈዋል። በአንድ ሠርግ ላይ ዘመነች፣ የጉዲቱ ቅቤ ድንች ሳይገባበት አይቀርም ብላ ነበር። ለቀልድ ነው፤ ግን ሰው የሰማው ቀልድ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች መንገድ ላይ ቢገናኙ አንዷ የሰማዩን ደመና፣ አንዷ የመሬቱን ጠጠር እያዩ ይተላለፋሉ። ጉዲቱ አሁን ገበያ ስትደርስ ሰምታ፣ የቅቤውን ቅል በነጠላ እንዳዘለች መጣች። ሳሎኑ መሐል ቆመች። እንደ ሌሎቹ አልጮኸችም። ደረቷን በጡጫዋ እየመታች፣ በዚያ ኦሮምኛ ባለዘበው አማርኛዋ፣ ቀስ ብላ አወረደችው።

"አፍሽም በርበሬ፣ እጅሽም በርበሬ፣
ማን ያቃጥለኛል ከእንግዲህስ ዛሬ።"

ቤቱ በእንባ ተናወጠ። ዘመነችም አለቀሰች፤ የራሷን ሞት ረስታ ለሟቿ አለቀሰች። ጉዲቱ ጨመረች። ቅቤዬን ሰደብሽ፣ ገበያው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አኮረፍኩ፤ ኩርፊያዬን ለማን ልተውልሽ አለች። ልጅሽን ሳላቅፍ አደገች አለች። ገነት ይህን ስትሰማ የአክስቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ልጅቷ አሁን የምታለቅሰው የምሯን ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከደጅ የወንዶቹ ድምፅ ረገበ። ባጫ ከቤተ ክርስቲያን መመለሱ ነበር። ዘመነች በሳንቃው ቀዳዳ፣ በተከፈተው የሳሎን በር በኩል ስታየው ጠርሙሱን በብብቱ ይዞ፣ የሚተከለውን ድንኳን፣ የራሱን አጠና፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አንድ በአንድ እያየ ቆሟል። አቶ አምሐ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ባጫ፣ እግዜር ያጥናህ አሉት። ባጫ በአጠገባቸው አለፈ። ማንም ሳይመራው በሴቶቹ መሐል እየሰነጠቀ መጣ። ገነት ወደ ጆሮው ተጠግታ አባዬ፣ አባዬ ብትለው አልሰማትም። መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ዘመነች ቆማ ነበር፤ ፊቷ ገና በእንባና በሳቅ እንደረጠበ። የባሏን ፊት ስታይ ግን ሳቁ ከደረቷ ወጥቶ ጠፋ። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ፊት አሳይቷት አያውቅም፤ አሳይቷት ቢሆን ኖሮ ስንቱን ነገር ባልጠረጠረች ነበር። ባጫ አያትና መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ጠርሙሱን ግን አልለቀቀውም።

"ዘሙ" አላት በመጨረሻ። "ከበሩ እስከዚህ ስንት ነገር እየነገርኩሽ መጣሁ።"

እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ከሳንቃው ወዲያ ልቅሶው ስለቀጠለ አፏን ወደ ጆሮው አስጠግታ፣ ምን ምን ነገርከኝ ብላ ጠየቀችው። ባጫ ወደ ሰማይ ሊያይ ቀና አለ፤ የጓዳው ጣሪያ ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ እሷን አያት።

"ሂጂ ልልሽ ፈርቼ ነው። ሂጂ ብዬሽ እዚያ ብትቀሪ እኔ የገደልኩሽ እየመሰለኝ። ዘሙ፣ ግማሽሽ ይበቃኛል። ሩብሽም ይበቃኛል። አፍሽ ብቻ ቢመለስልኝም ቤቱ ይሞላል።"

ዘመነች መልስ አጣች፤ በኮልፌ ታሪክ ያልታየ ነገር ነው። እጁን ያዘች። ያ ወራት ሙሉ ሲያማት የነበረው ዝምታ ይህ ኖሯል፤ የጨከነ መስሏት የፈራ ሰው ነበር። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ከዚያ ወዲያው ቢላዋው ትዝ አላትና ፈራች። እሺ ልትለው ፈልጋ ምላሷ አልታዘዝ አለ። ሙሉ ሆኜ እሄዳለሁ ያለችው ለባሏ ብላ ብቻ አልነበረም፤ ቢላዋውንም በጣም ትፈራው ነበር።

በዚህ መሐል የአቶ አምሐ ድምፅ ከሳሎን ተሰማ። ገነትን ነበር የሚጠይቁት። ልጄ፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው፤ ነገር ግን ሰርኬ የሰማሁት የብዙ ጎረምሶች ድምፅ ነው ትላለች፤ እኛ እድርተኞች ከመስማታችን በፊት እዚህ ያደሩት እነማን ናቸው? አባትሽ ወንድ ልጅ የለውም፤ እነማን ነበሩ? ገነት ወደ መጋረጃው ዞረች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ ዝምታው ወደ ጓዳው ድረስ መጣ። ዘመነች ከእንግዲህ አላሰበችም። ጋቢዋን አስተካክላ፣ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

የሆነውን ሁሉ መናገር ይከብዳል። ባለ ጠጅ ቤቷ ከነወንበሯ ተገለበጠች። ሽንኩርት ሻጯ፣ ስለ ጣሳው ይቅር በይኝ እያለች በሸምሱ እጅ ሥር ሾልካ ግቢው ድረስ ሮጠች። ይመር ከደጅ አንገቱን ብቅ አድርጎ አይቶ ጥሩምባውን ጣለው። ሰርኬ ሦስት ጊዜ አማትባ በጣቷ የዘመነችን ክንድ ወጋ ወጋ አደረገችና ሥጋ መሆኑን ስታረጋግጥ ሳቋን ለቀቀችው። ጉዲቱ ብቻ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ትኩር ብላ አየቻትና፣ እንባዬን መልሺልኝ አለቻት፤ ቀጥላም አንገቷን አቅፋ ጉንጮቿን በየተራ ሳመቻት። አቶ አምሐ ግን ፖሊስ ናቸው። ኮፍያቸውን መልሰው አድርገው፣ በሕይወት መገኘትዎ ደስ ብሎኛል፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ እንግዲያው ጎሕ ሲቀድ የተለቀሰው ለማን ነበር አሉ።

"ለእኔ ነው፣ ሃምሳ አለቃ" አለች ዘመነች። "ነቀርሳ ነው ያለብኝ። ዛሬ ሆስፒታል ገብቼ ጡቴን ልቆረጥ ነው። ልጄ ጓደኞቿን ጠርታ በቁሜ አለቀሱልኝ። በቁም ማልቀስ በእድሩ ደንብ ክልክል ነው?"

የተናገረችውን የሰማችው ከተናገረችው በኋላ ነው። ቃሉን ጠራችው፤ ቤቱ ግን አልፈረሰም። ዛሬም አለች፤ ልቆረጥም አለች፤ በሰፈሩ ሁሉ ፊት አለች። ባጫ ከኋላዋ መጋረጃውን ጨብጦ ትንፋሹን ያዘ። አቶ አምሐ ዘመነችን አዩ፣ ከዚያ ገነትን አዩ። ገነትን ያዩበት እይታ ረዘም ያለ ነበር፤ የጴንጤን ጸሎትና ልቅሶን ለይተው የማያውቁ ሰው አልነበሩም፤ ስንቱን ጸሎት በትነዋል። ደንቡ ስለ ሟች እንጂ ስለ በሽተኛ የሚለው ነገር የለም አሉ በመጨረሻ። ልቅሶ ነው ከተባለ ልቅሶ ነው። ልጆቹ ግን ሌላ ጊዜ ሲያለቅሱ ድምፃቸውን ቀነስ ቢያደርጉ ለሁሉም ይበጃል፤ እሷም እንድትድን አጥብቀው ያልቅሱ። ገነት የሽማግሌውን እጅ ይዛ ልትስም ብትል ነጠቋት።

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይያዝ። ነጠላዎች ተገለበጡ፤ እልልታ ልቅሶው በነበረበት ጉሮሮ ወጣ። ለቀብር የተከራዩት የአጠና ጭነት መኪና ደጅ ደርሶ ቆሟል፤ ሾፌሩም ከፊል ቀብድ በልቷል። አቶ አምሐ እዚያው ላይ ወሰኑ። ቀብሩ ቀርቶ ሽኝት ሆኗል፣ ሰው በዚያው መኪና ይሳፈር፣ የቀረ ይቀጣል። ይመርም ወጥቶ እንዲያስተካክል ታዘዘ። ምስኪኑ ጥሩምባውን አንስቶ ጭቃውን እየጠረገ፣ ሞትን ስናገር ኖሬያለሁ፣ ይህን እንዴት ብዬ ልናገር ብሎ አጉረመረመ። ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ከአጠና ተራ በኩል ተሰማ። የአቶ ባጫ ባለቤት ወይዘሮ ዘመነች ስላላረፉ፣ ቀብራቸው ቀርቶ ወደ ሆስፒታል ስለሆነ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ዘመነች ልብሷን እየቀየረች ሰምታ፣ በአንድ ጠዋት ሁለቴ የተለፈፈላት ሴት እኔ ብቻ ነኝ ብላ ኮራች። የበርበሬዋን ኩንታል ለሰርኬ አደራ ሰጠች፤ ጣሳውንም አሳየቻትና፣ ቂጡን መትተሽ አውጪው፣ ከመመለሴ በፊት አለቻት።

ባጫ ሰይቼንቶ ታክሲ አስቁሞ ነበር። ዘመነች ከፊት፣ ባጫ፣ ገነትና ጉዲቱ ከኋላ ተጣበው ገቡ፤ የጉዲቱ ቅቤም በጉዲቱ ጭን ላይ። ጭነት መኪናው እየዘፈነ ከኋላ ተከተለ፤ በየፌርማታው የቆመ ሰው የማን ሠርግ ነው ይላል። መንገዱ ላይ ግን የዘመነች ሳቅ ቁልቁል እየወረደ ነበር። እጇን ከጋቢዋ ሥር አግብታ ግራ ጡቷን ያዘች፤ ገነትን ያጠባችበት ነው፤ በቀኙ ወተት አልወረደም ነበርና ልጅቷ ያደገችው በዚህ ነው። ወደ ኋላ ሳትዞር፣ ገነት፣ ያንን የማለዳውን ጸሎት ቀስ ብለሽ በይልኝ አለች። ገነት በሹክሹክታ ጀመረች። ባጫ ጠርሙሱን ከፍቶ ጠበሉን በሚስቱ ጭንቅላት ላይ አርከፈከፈ፤ ግማሹ የሾፌሩ አንገት ውስጥ ገባ። ጉዲቱ በኦሮምኛ ዋቃን ለመነች፤ የዘመነችን ግንባርም በቅቤ ቀባች። ሾፌሩ ማንኛውን እንደሚከተል ግራ ቢገባው ለሁሉም አሜን እያለ ነዳ።

ሆስፒታሉ በር ላይ የደረሱት ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀር ነው። ጭነት መኪናው ከኋላቸው እየተነፈሰ ቆመ፤ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ እንደ ጤፍ ፈሰሰ፤ አቶ አምሐ ከፊት፣ ይመር ጥሩምባውን አንግቦ ከጎናቸው። ዘበኛው ይህን ሲያይ ተነስቶ በሩን ዘጋ። በትሩን ወደ ግንቡ ጥግ እያመለከተ፣ አስከሬን የሚወጣው በኋላ በር ነው፣ ዞራችሁ ኑ፣ በዚህ በር አይወጣም አላቸው። የሳቀ የለም። ባጫ ቀስ ብሎ የታክሲውን በር ከፈተ። ዘመነች ወረደች። ቅቤው በግንባሯ ላይ እየቀለጠ ይወርዳል። የባሏን ክንድ ይዛ ዘበኛው ፊት ቆመች።

"እኔ የምገባው በዚህ ነው፣ ወንድሜ" አለችው። "የምወጣውም በዚሁ ነው።"